አፋቤት፣ ሽሬ ወይስ ምጽዋ? የሰሜኑን ጦርነት የወሰነው የቱ ውጊያ ነው?

የታሪክ ወዳጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የደርግ ዘመን ጦርነት ሲነሳ መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጣ። ግንቦት 16 አስመራ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ እንዴት እንደተደረሰ ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው «ሠራዊቱ ተዳክሞ ነበር» ብሎ ያልፋል። ይሄ መልስ አይደለም። ያ ሠራዊት ከሰሃራ በታች ካሉት ሁሉ ትልቁ ነበር። ታንኩ፣ ሚጉ፣ ቢኤሙ ነበረው። እንዴት ነው በሦስት ዓመት ውስጥ የፈረሰው?

እኔ ሽሬ ነው እላለሁ። የካቲት 1981 ዓ.ም.።

ምክንያቴን ላስረዳ። ካርታ አውጡና ከአዲስ አበባ አስመራ የሚወስደውን መንገድ ተከተሉ። ደሴ፣ ወልዲያ፣ ማይጨው፣ መቀሌ፣ አዲግራት፣ አስመራ። ኤርትራ ውስጥ የነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት በየብስ የሚገናኘው በዚህ መስመር ነው። ወያኔ መንገዱ ላይ ያደፍጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ኮንቮይ በታንክ ታጅቦ ያልፍ ነበር። ሽሬ እንዳሥላሴ ላይ የሰፈረው 604ኛው ኮር ደግሞ ምዕራብ ትግራይን ይዞ ወደ ጎንደር የሚወርደውን መንገድ ይጠብቃል። የሕወሓት ዋና መንቀሳቀሻም ያ ምዕራብ ነው። ሱዳንም በዚያ በኩል ነው።

ያ ኮር በሰለኽለኻና በሽሬ መካከል በተደረገው ውጊያ ተደመሰሰ። ሻዕቢያ ከባድ መሣሪያ የያዘ ጦር ልኮ ከሕወሓት ጋር ተሰለፈ። የካቲት 12 ሽሬ ወደቀች። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መቀሌም ተለቀቀች። ደርግ ከመላው ትግራይ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አስቡት። የአስመራው ጦር በየብስ ተቆረጠ። የቀረው ባሕርና አየር ብቻ ነው። ምጽዋ ስትያዝ ደግሞ አየር ብቻ ቀረ። ሕወሓት በበኩሉ ከኋላው ጠላት ስለሌለው ወሎና ጎንደር ወረደ። አዲስ አበባ የተያዘችው በ1983 ቢሆንም መንገዱ የተከፈተው ሽሬ ላይ ነው።

እናንተስ?

የገዛ ባንዳ ልጅ

ወንድሜ፣ ሽሬን አላሳንስም። ግን ያለ አፋቤት ሽሬ የለም።

ናደው እዝ ሰሜን ኤርትራ ውስጥ ከሻዕቢያ የናቅፋ ምሽግ ፊት ለፊት ለዓመታት የቆመ የደርግ ጦር ነው። ዋና ሰፈሩ አፋቤት ነበር። ኤርትራ ውስጥ ከነበረው የደርግ ጦር ሁሉ በመሣሪያ የበረታ ይባል ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ ገባበት። በሦስተኛው ቀን አፋቤት ተያዘች።

በጣም የሚያስደነግጠው ዓድ ሽሩም ላይ የሆነው ነው። ወደ አፋቤት ሲያፈገፍግ የነበረው የመካናይዝዱ ኮንቮይ ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ገባ። ፊት የነበረው ታንክ ሲመታ መንገዱ ተዘጋ። ወደፊት የለም፣ ወደኋላም የለም። መሣሪያው እንዳይማረክ የራሱ አየር ኃይል መጥቶ ኮንቮዩን ደበደበው። ውስጡ የነበሩት የራሱ ወታደሮች ናቸው። እዚህ ስደርስ ሁሌም ንባቤን አቆማለሁ። እኔ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ያደግሁ ነኝ፤ ቤተሰቤም በሌላኛው ወገን ነው የቆመው። ሆኖም እዚያ ሸለቆ ውስጥ የቀሩት ልጆች የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው።

ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ። ሞስኮ በጦርነቱ ውስጥ ምን ያህል እንደገባች ዓለም በዓይኑ አየ። ሻዕቢያ ደግሞ በዚያ ሦስት ቀን በታንክና በመድፍ የሚዋጋ መደበኛ ጦር ሆነ። ሽሬ ላይ ሕወሓትን የረዳው ከባድ መሣሪያ ከየት የመጣ ይመስልሃል?

ደርግም ወዲያው ከተሰነይ፣ ከባረንቱና ከአቆርደት ጦሩን አወጣ። ምዕራብ ኤርትራ ሳይዋጉበት ተለቀቀ። የአንድ ቦታ ሽንፈት ይህን ያህል መሬት ሲያስለቅቅ ሌላ የት አይተሃል?

የታሪክ ወዳጅ

@የገዛ ባንዳ ልጅ ያነሳኸው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ከአፋቤት በኋላም ደርግ የመዋጋት አቅም ነበረው። ሕወሓት በ1980 ጸደይ ላይ አክሱምን፣ አድዋን፣ አዲግራትን ይዞ ነበር። በክረምቱ መግቢያ ደርግ ጦር አምጥቶ መልሶ ያዛቸው። አፋቤት ደርግን አቁስሎታል። መነሳት ግን ይችል ነበር፣ ተነስቷልም። ከሽሬ በኋላ ግን መልሶ ማጥቃት የሚባል ነገር ትግራይ ውስጥ አልታየም።

ሌላው፣ ሻዕቢያና ሕወሓት በ1977 ተጣልተው ለሦስት ዓመት ያህል አይነጋገሩም ነበር። የታረቁት ሚያዝያ 1980 ላይ ካርቱም ነው፤ አፋቤት በወደቀች በወሩ ማለት ነው። የእርቁ ፍሬ የታየው ሽሬ ላይ ነው።

የቀድሞ መቶ አለቃ

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ በዚያን ዘመን አስመራ በስንቅና ትጥቅ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም። ሁለታችሁም የዘለላችሁትን ግን ልንገራችሁ።

አፋቤት ከመውደቋ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1980፣ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ ሻዕቢያ የናደውን መስመር ሰብሮ ነበር። ሊቀመንበሩ መንግሥቱ አስመራ ድረስ መጥተው የሰጡት ፍርድ ነው። ጄኔራሉ ግንባሩን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሻዕቢያ ደግሞ በወሩ መጣ።

አስቡት። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛው አዛዥ ነው «ይህ ቦታ አይያዝም፣ እንልቀቀውና ከኋላ እንሰለፍ» ብሎ ደፍሮ የሚናገር? ማፈግፈግ ማለት ሞት ነው። ስለዚህ ሁሉም ያለበት ቆሞ እስኪከበብ ይጠብቃል። እያንዳንዱ አዛዥ ደግሞ አጠገቡ ኮሚሳር አለ፣ የደህንነት ሰው አለ። ሦስቱም ለየብቻ ወደ ላይ ሪፖርት ይጽፋሉ። ውጊያ መሐል ማን እንደሚያዝ አይታወቅም። ትግራይም ላይ ያው ነው። ለገሠ አስፋው በፖለቲካ ሹመት ከጄኔራሎቹ በላይ ተቀመጠ። ጦር ማንቀሳቀስ የሚያውቁት መኮንኖች ሲናገሩ የሚሰማቸው አልነበረም።

እኔ ውጊያ ምረጥ ብትሉኝ ምጽዋን እመርጣለሁ። ለዚህም ምክንያት አለኝ፣ ማታ እመለስበታለሁ።

የአክሱም ልጅ

ስለ 1980 ክረምት ስታወሩ ሐውዜንን አለማንሳት አይቻልም። ሰኔ 15 ቀን 1980፣ የገበያ ቀን። አውሮፕላኖቹ ሲደበድቡ የዋሉት ገበያተኛ ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ውጊያ አልነበረም፤ የጦር ሰፈርም አልነበረም።

ይሄን የማነሳው ለቅሶ ለመቀስቀስ አይደለም። ወታደራዊ ውጤት ስለነበረው ነው። ከሐውዜን በኋላ እስከዚያ ቀን ዳር ቆሞ ይመለከት የነበረው ገበሬ ልጁን በፈቃዱ ሰጠ። ሽሬ ላይ የተሰለፈው ጦር ውስጥ በዚያ ክረምትና መኸር የገባው አዲስ ታጋይ ብዙ ነው። የደርግ ሠራዊት ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ውሃ የሚሰጠው፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው በሌለበት አገር ነበር። ጠላቱ የት እንደተሰበሰበ የሚነግረው አልነበረም፤ እሱ የት እንዳለ ግን ሁሉም ለጠላቱ ይነግር ነበር።

ተማሪው

በጣም እየተማርኩ ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሽሬ ከወደቀች በኋላ መቀሌ ለምን ያለ ውጊያ ተለቀቀች? ትልቅ ከተማ ናት፣ ጦርም ነበራት።

የታሪክ ወዳጅ

@ተማሪው ጥሩ ጥያቄ ነው። መቀሌ ላይ የቀረው ጦር ብቻውን ነበር። ምዕራቡ ሄዷል። ሰሜኑ ወደ ሻዕቢያ ነው። መውጫው ወደ ደቡብ፣ በማይጨው ወደ ወሎ ብቻ ነው፤ እሱም ተራራ ለተራራ የሚሄድ መንገድ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል። 604ኛው ኮር የደረሰበትን ሁሉም ሰምቷል። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ መከበባቸው አይቀርም ነበር። ስለዚህ ሌላ ኮር ከማጣት ከተማዋን መተው ተመረጠ።

ችግሩ ሌላ ነው። ለሠራዊቱ ምንም አልተነገረውም። ትናንት «እስከ መጨረሻው» ሲባል የነበረ ወታደር ዛሬ ሌሊት ጓዝህን ጫን ይባላል። ወሎ ሲደርስ በመንግሥት ላይ የነበረው እምነት አብሮት አልደረሰም።

የጅግጅጋ ልጅ

እስኪ እኔ ከምሥራቅ በኩል ልግባ። ማንም ያላነሳው የአፋቤት ውጤት አለ።

አፋቤት የወደቀችው መጋቢት ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መንግሥቱ ከሶማሊያው መሪ ከሲያድ ባሬ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራረመ። አሥር ዓመት ተፋጠው የነበሩ ሰዎች! ለምን? ኦጋዴን ላይ የታሰረውን ጦር ነቅሎ ወደ ሰሜን መውሰድ ስለነበረበት ነው። ያ ከምሥራቅ የመጣ ጦር ነው በክረምቱ ትግራይን መልሶ የያዘው።

ስምምነቱ ግን ሌላም አንቀጽ ነበረው። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ያቆማል። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች እኛ አገር ነበር ሰፈራቸው። መሬቱ ከእግራቸው ስር ሲነሳ በግንቦት 1980 ወደ ቡርኦና ወደ ሐርጌሳ ጠቅልለው ገቡ። ሲያድ ባሬ ሐርጌሳን በራሱ አውሮፕላን አፈራረሳት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ እኛ ተሰደደ። ሐርተ ሼክ መጠለያ የተሞላው ያኔ ነው። ሰሜን ኤርትራ ሸለቆ ውስጥ የተሸነፈ ጦር የሶማሊያን መንግሥት አብሮ ነቀነቀው። የኛ ሽማግሌዎች ይህንን ሲያወሩ እስከዛሬ ይገርመኛል።

የገዛ ባንዳ ልጅ

@የጅግጅጋ ልጅ እናመሰግናለን! ይሄ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። የአንድ ውጊያ ክብደት ከዚህ በላይ በምን ይለካል?

ሰላማዊት

ሁላችሁም ከ1980 ነው የምትጀምሩት። እኔ ወደኋላ ልውሰዳችሁ።

የእናቴ ወንድም በ1969 በእናት አገር ጥሪ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባ የሸዋ ገበሬ ነበር። ካራማራ ላይ ተዋግቶ ተረፈ። ሶማሊያ ስትሸነፍ ያው ጦር በቀጥታ ወደ ሰሜን ተላከ። በ1970 ሻዕቢያና ሌላው የኤርትራ ግንባር ጀብሃ ከአስመራ፣ ከምጽዋ፣ ከባረንቱ፣ ከአሰብና ከጥቂት ቦታ በቀር ኤርትራን ሊጨርሱ ደርሰው ነበር። ያ ጦር መጥቶ ገፋቸው። ሻዕቢያ ከተሞቹን ለቆ ናቅፋ ተራራ ላይ መሸገ።

ጦርነቱ እዚያ ማለቅ ይችል ነበር። አላለቀም። ከዚያ በ1974 ቀይ ኮከብ ዘመቻ መጣ። መንግሥቱ ራሱ አስመራ ገባ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ጦር ተሰለፈ። ናቅፋ አልተያዘችም። አጎቴም እዚያው ቀረ። አያቴ እስክትሞት ድረስ መርዶ ያመጣላት ሰው አልነበረም።

ለእኔ ጦርነቱ የተወሰነው ቀይ ኮከብ የከሸፈ ቀን ነው። አንድ መንግሥት ያለውን ሁሉ አውጥቶ አንዲት ተራራ መያዝ ካልቻለ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስንት ሰው ይሞታል የሚለው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ምሽግ ፊት የወጣት ሕይወት ተከፈለ። ስለ ጄኔራሎች እንጽፋለን፣ እሺ። ስለነዚህም እንጻፍ።

የቀድሞ መቶ አለቃ

ሰላማዊት ልጄ፣ እግዜር ነፍሱን ይማር። የእንደ አጎትሽ ያሉትን አውቃለሁ። ብዙዎቹ ሲሞቱ ጫማቸው እንኳ ሙሉ አልነበረም።

ስለ ናቅፋ ያልሽው እውነት ነው። ሻዕቢያ ተራራውን ሰርስሮ ከመሬት በታች ኖረበት። ሆስፒታሉ፣ ጋራዡ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ጉድጓድና ዋሻ ውስጥ ነው። አውሮፕላን ቢደበድበው ድንጋይ ነው የሚያገኘው። እኛ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እንወጣ ነበር።

አሁን ወደ ምጽዋ ልመለስ። ቃል ገብቼ ነበር።

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው የጀመረው። ሻዕቢያ መጀመሪያ የሰምሃርን ሜዳ አቋርጦ የአስመራን መንገድ ቆረጠ። ከዚያ በፈጣን ጀልባዎች ከባሕር፣ በታንክ ከየብስ ገባ። በሦስተኛው ቀን የየብሱ ከተማ ተያዘ። ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ከቀረው ጦር ጋር ወደ ጥዋለት ደሴት ተሻገሩ። ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኛት ጠባብ የባሕር ላይ መንገድ ናት። ውሃ የለም። ስንቅ የለም። እጅ ስጡ ተባሉ፣ አልሰጡም። ለቀናት ተዋጉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ሰዉ። ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ቆሜ ነው የምሰማው።

ለእኛ አስመራ ለነበርነው ምን ማለት ነበር? ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ጥይቱ፣ የታንክ ጎማ ሰንሰለቱ ሁሉ የሚመጣው በምጽዋ ነው። በአንድ ቀን ቀጥ አለ። ከመቶ ሺህ በላይ ሠራዊትና አንድ ሙሉ ከተማ በአንቶኖቭ መመገብ ጀመረ። አንድ መርከብ የሚያራግፈውን አውሮፕላን ስንት ጊዜ ተመላልሶ ያደርሰዋል? ቆይቶ አውሮፕላን ማረፊያውም በመድፍ ይመታ ጀመር። ነዳጅ በሊትር ይሰፈራል። ታንክ አለ፣ የሚነዳበት የለም። በከተማው ዱቄት ከወርቅ በለጠ። ወታደሩ ሳይዋጋ እየከሳ ነበር።

እንግዲህ የታሪክ ወዳጅ፣ ሽሬ በሩን ዘጋው ብትል እሺ። አንቆ የገደለን ግን ምጽዋ ነው።

የታሪክ ወዳጅ

መቶ አለቃ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህን ከመጽሐፍ አናገኘውም።

በሽሬና በምጽዋ መካከል ያለው አንድ ዓመት ግን በጣም ያሳስበኛል። ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው ሽሬ ከወደቀች በሦስት ወሯ ነው። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። የቀሩት ታሰሩ። ምጽዋ ስትጠቃ ሠራዊቱ ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን አጥቶ ነበር። ሽሬ ሠራዊቱን ከመሬት ብቻ አላስወጣውም፤ ከራሱ አመራር ጋርም አጋጨው። ለዚህ ነው ሽሬ ላይ የምቆመው።

ተማሪው

በዚያ መሐል ድርድር አልነበረም እንዴ?

የገዛ ባንዳ ልጅ

ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ደርግንና ሻዕቢያን በ1981 መጨረሻ አትላንታ ላይ አገናኙ። ቀጥሎ ናይሮቢ ተገናኙ። ከሕወሓት ጋር ደግሞ ሮም ላይ ንግግር ነበር። ግን ውይይቱ ታዛቢው ማን ይሁን፣ አጀንዳው ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው ጊዜው ያለቀው። ሶቪየቶችም መሣሪያ መስጠቱን እንደማይቀጥሉበት እያሳወቁ ነበር። ሻዕቢያ በበኩሉ ለምጽዋ እየተዘጋጀ ነበር። ደርግ በ1970 ወይም በ1974፣ ጉልበት በነበረው ጊዜ፣ እንዲህ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የሰላማዊት አጎት ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ልጆቹን ይድር ነበር።

ሰላማዊት

አሜን። ለዚህ ነው ከ1980 አትጀምሩ ያልኩት።

@የቀድሞ መቶ አለቃ፣ አባቴ፣ አንድ ልጠይቅ። ግንቦት 1983 አስመራ ስትለቀቅ ያ ሁሉ ሠራዊት የት ገባ?

የቀድሞ መቶ አለቃ

ደቀምሐሬ ግንባር ሲሰበር ነው ነገሩ ያለቀው። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ የሚሰጥ አልነበረም። አንዱ ክፍል በከረን በኩል ወደ ሱዳን ሄደ። በረሃው ላይ በጥም ያለቀው ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ሌላው እጁን ሰጠ። የተማረከው በአብዛኛው በእግሩ ወደ ትግራይ ድንበር ተሸኘ። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት፤ የወታደር ቤተሰብ ነው። አድዋና አዲግራት ሲደርሱ ውሃና እንጀራ ይዘው የተቀበሏቸው የአገሩ እናቶች ናቸው። የደርግ አውሮፕላን ሲደበድባቸው የኖሩ እናቶች። ይሄን የአክሱም ልጅ ያውቀዋል።

የአክሱም ልጅ

አውቀዋለሁ። እናቴ ከነዚያ አንዷ ነበረች። በጓሮ ያለውን ጠላ ሳይቀር አውጥታ ነው የሰጠችው። አንዱ የጎጃም ልጅ እግሩ ቆስሎ እኛ ቤት ክረምቱን ከርሞ ነው የሄደው። መቶ አለቃ፣ እርስዎስ በየት በኩል ወጡ?

የቀድሞ መቶ አለቃ

በዛላንበሳ በኩል ነው የወጣሁት፣ ልጄ። አዲግራት ላይ ሦስት ቀን አርፈናል። የደቀምሐሬን ነገር ለብቻው ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። የጉናንና የደብረ ታቦርን ውጊያ የሚያውቅ ካለ ደግሞ እሱ ይቀጥል፤ እኔ በዚያ በኩል አልነበርኩም።